ከሉሕ እስከ ኮምፒዩተር፦ ጀማሪን ፕሮግራሚንግ እንዴት እናስተምር?

(በሬድዮ ዝግጅት የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ) ይሁን። ሰላትና ሰላም የሰው ልጆች መምህር ሆነው በተላኩት በነብያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸው፣ በሰሐቦቻቸውና እስከ ዕለተ ቂያማ ድረስ ፈለጋቸውን በተከተሉ ሁሉ ላይ ይውረድ።



የዛሬው ርዕሳችን ለአንዳንዶቻችሁ ከሚንበር የራቀ ሊመስል ይችላል። በከሚሴ፣ በባቲ፣ በሰንበቴና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ወጣቶች ከሰላት በኋላ ጠጋ እያሉ፣ «ኡስታዝ፣ የኮምፒዩተር ፕሮግራሚንግ መማር ይጠቅመኛል ወይ? ቢጠቅመኝስ እችለዋለሁ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። በሐምሌ ወር 2016 ዓ.ም ሀገራችን ከተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች ጋር ሆና «አምስት ሚሊዮን ኮደሮች» የተሰኘውን ሥልጠና ስትጀምር ይህ ጥያቄ በየቤቱ ገባ። ሥልጠናው በኢንተርኔት በነጻ የሚሰጥ፣ ተማሪው በራሱ ፍጥነት የሚሄድበትና ሲጨርስ የምስክር ወረቀት የሚያገኝበት ነው። ይህ መልካም በር ነው፤ አልሐምዱሊላህ። ነገር ግን በሩ ተከፈተ ማለት ቤቱ ተገባ ማለት አይደለም።

ጀምረው ያቋረጡትን ልጆች ስታነጋግሯቸው መልሳቸው አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ለዚህ አልተፈጠርኩም፤ ይህ የጎበዞች ነገር ነው» ይላሉ። ይህን የሚለው ልጅ ምናልባት በአሥር ዓመቱ ቁርአን ያኸተመ፣ ረጃጅም ሱራዎችን በቃሉ የያዘ ልጅ ነው! ታዲያ የሚጎድለው አእምሮ ነውን? በፍጹም አይደለም። ዛሬ ልናገር የምፈልገው ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ጀማሪው የሚወድቀው በአብዛኛው ጭንቅላቱ ስላነሰ ሳይሆን የማስተማሩ ቅደም ተከተል ስለተገለበጠ ነው። ትክክለኛውን ቅደም ተከተል ደግሞ አባቶቻችን በቁርአን ቤት ያውቁት ነበር።

ፕሮግራሚንግ ምንድን ነው?

ኮምፒዩተር የማይደክም፣ የማያጉረመርም፣ ነገር ግን ምንም የማያስተውል አገልጋይ ነው። የነገሩትን እንጂ ያሰቡትን አይሠራም። እናት ልጇን «ስኳር ገዝተህ ና» ብላ ብትልከው ሱቁ ከተዘጋ ወደ ሌላ ሱቅ ይሄዳል፤ ስኳር ከጠፋ ተመልሶ ይነግራታል። ኮምፒዩተር ግን ሱቁ ከተዘጋ ምን እንደሚያደርግ፣ ስኳር ከሌለ ምን እንደሚያደርግ አስቀድሞ ካልተነገረው ቆሞ ይቀራል፤ ወይም የተሳሳተ ሥራ ይሠራል። እንግዲህ ፕሮግራም መጻፍ ማለት አንድን ሥራ በደረጃ ከፋፍሎ፣ «ይህ ከሆነ ይህን አድርግ፤ ካልሆነ ያንን አድርግ፤ ይህን ያህል ጊዜ ድገም» እያሉ ምንም ሳያጎድሉ መንገር ማለት ነው።

እንዲህ ያለው በደረጃ የተቀመጠ የአሠራር መንገድ በዓለም ሁሉ «አልጎሪዝም» ይባላል። ቃሉ ከማን ስም እንደመጣ ታውቃላችሁ? በባግዳድ በኸሊፋ አል-መእሙን ዘመን፣ ማለትም እ.ኤ.አ. ከ813 እስከ 833 ባለው ጊዜ ውስጥ ያስተምርና ይጽፍ ከነበረው ከሙሐመድ ኢብን ሙሳ አል-ኸዋሪዝሚ ስም ነው። ስለ ቁጥር አሠራር የጻፈው ሥራ በ12ኛው ክፍለ ዘመን ወደ ላቲን ሲተረጎም ስሙን «አልጎሪትሚ» ብለው ጻፉት፤ ቃሉም በዚያው ቀረ። «አልጀብራ» የሚለው ስምም የተወሰደው ከመጽሐፉ ርዕስ ነው። አል-ኸዋሪዝሚ ይህን የአልጀብር መጽሐፍ ያዘጋጀው ሰዎች በውርስ፣ በኑዛዜ፣ በንግድ፣ በመሬት ልኬታና በመሳሰለው የዕለት ጉዳያቸው ሂሳብ እንዲቀልላቸው እንደሆነ ራሱ ገልጿል፤ የመጽሐፉ ትልቅ ክፍልም ስለ ኑዛዜና ውርስ ነው። ስለዚህ አንድ የኛ ልጅ ኮምፒዩተር ፊት ሲቀመጥ ባዕድ ቤት የገባ አይምሰለው።

ማንበብ ከመጻፍ ይቀድማል

ወንድሞቼና እህቶቼ! የኛ አካባቢ የዒልም አገር ነው። በዳዋ ጨፋ ወረዳ በተራራ ላይ የተቀመጠችውን ሾንኬን አስታውሱ፤ እነ ሸህ ጀውሃር ኢብን ሐይደርን የመሰሉ ዓሊሞች ያስተማሩባት መንደር ናት። በወሎ የመድረሳ ሥርዓት ደረሳው ከፊደል ተነስቶ እስከ ፊቅህና ነህው ድረስ የሚሄደው በደረጃ ነበር።

በቁርአን ቤት ልጅ በመጀመሪያው ቀን «ጻፍ» አይባልም። አሊፍ፣ ባ፣ ታ እያለ ፊደሉን ይለያል። ከዚያ ፈትሓ፣ ከስራና ዶማ ይጨመርለታል። ከዚያም ፊደላቱን አገጣጥሞ ያነባል። ሸሁ ሉሑ ላይ የጻፉለትን በጣቱ እየተከተለ ደጋግሞ ያሰማል። ድርሻውን ሳያውቅ አዲስ ድርሻ አይሰጠውም። ጎረቤቱ ሦስት ጁዝ ቢቀድመውም እርሱ በራሱ ድርሻ ላይ ነው። ከፍ ያለው ደረሳ ደግሞ ዝቅ ያለውን ያስቀራል።

አሁን ፕሮግራሚንግ በአብዛኛው እንዴት እንደሚጀመር ተመልከቱ። መምህሩ በመጀመሪያው ሳምንት ጥቂት ትዕዛዞችን በሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ተማሪው ይገለብጣል። በሁለተኛው ሳምንት «ሂዱና ይህን የሚሠራ ፕሮግራም ጽፋችሁ ኑ» ይባላል። ልጁ ገና አንድ ገጽ እንኳ አንብቦ ሳይረዳ ድርሰት እንዲጽፍ ታዘዘ ማለት ነው። ፊደል ሳይለይ ኪታብ ጻፍ እንደተባለ ደረሳ ነው።

ይህ የኛ ሀገር ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2001 ማይክል ማክራከን የተባለ መምህርና ባልደረቦቹ የመጀመሪያ የፕሮግራሚንግ ትምህርታቸውን የወሰዱ 216 ተማሪዎችን ከአራት ዩኒቨርስቲዎች ወስደው ቀላል የሚባል ፕሮግራም እንዲጽፉ ፈተኗቸው። ከ110 ነጥብ አማካይ ውጤታቸው 22.89 ሆነ! ሰዎቹ ደነገጡ። እ.ኤ.አ. በ2004 ደግሞ ሬይመንድ ሊስተር የሚባል መምህር የመራው ቡድን በሰባት ሀገሮች ያሉ ተማሪዎችን ሌላ ነገር ፈተነ፤ ጻፉ አላላቸውም፤ የተጻፈ አጭር ፕሮግራም ሰጥቶ «ይህ ሲሠራ ውጤቱ ምን ይሆናል?» አላቸው። ብዙዎቹ ይህንንም በሚገባ መመለስ አልቻሉም። ማንበብ ያልቻለ እንዴት ይጻፍ? ትምህርቱን የሚያጠኑ ሰዎች ከዚያ ወዲህ በሰፊው የሚመክሩት አባቶቻችን በሉሕ ላይ ያደርጉት የነበረውን ነው፤ ተማሪው አስቀድሞ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ያንብብ።

ስለዚህ ለሚያስተምሩ ወንድሞችና እህቶች እንዲህ እላለሁ። አምስት ወይም ስድስት መስመር ያለው የተጻፈ ፕሮግራም በወረቀት ስጡት። ኮምፒዩተሩ ይዘጋ። «ምን ይወጣል?» በሉት። በእርሳስ እየተከተለ ይመልስ። ከዚያ በኮምፒዩተሩ አሠርቶ መልሱን ያመሳክር። በሦስተኛው ደረጃ አንድ ቁጥር ይቀይርና ውጤቱ ምን እንደሚሆን አስቀድሞ ይገምት። በአራተኛው ደረጃ አንድ መስመር ከራሱ ይጨምር። ከባዶ ጻፍ የሚባለው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ይህ ጊዜ የሚያባክን ይመስላል፤ ነገር ግን ሥሩ የያዘ ዛፍ ነው የሚያድገው።

ሉሑን አስታውሱት

ጀማሪውን ከሚያደናቅፉት ነገሮች አንደኛው «ድምር እኩል ነው ድምር ሲደመር አንድ» የምትል መስመር ናት። በሂሳብ ክፍል የተማረ ልጅ ይህን ሲያይ «ከራሱ በአንድ የሚበልጥ ቁጥር የት አለ?» ብሎ ይገረማል። ልጁ ትክክል ነው! መምህሩ ነው ልጁ የማያውቀውን ነገር ያላብራራለት። በፕሮግራም ውስጥ ያቺ የእኩል ምልክት «እኩል ነው» ማለት ሳይሆን «በቀኝ ያለውን አስላና በግራ በተጠራው ቦታ አስቀምጥ» ማለት ናት።

ይህን ለኛ ልጅ በሉሕ አስረዱት። «ድምር» የሚል ስም የተሰጠው አንድ ሉሕ አለ እንበል። በላዩ 5 ተጽፏል። ትዕዛዙ፦ ሉሑ ላይ ያለውን አንብብ፤ አንድ ጨምር፤ ሉሑን እጠብና አዲሱን ጻፍበት። አሁን 6 አለ። 5 የት ሄደ? ታጥቧል። ሉሕ በአንድ ጊዜ የሚይዘው አንድ ድርሻ ብቻ ነው። ይህንን የተረዳ ልጅ የትምህርቱን ግማሽ ተሻገረ ማለት ይቻላል።

ቀጥላችሁ ጠይቁት። በአሕመድ ሉሕ ላይ አንድ ነገር፣ በፋጡማ ሉሕ ላይ ሌላ ነገር ተጽፏል፤ በቃል የሚይዝ ሰው የለም፤ እንዴት እናለዋውጠው? የአሕመድን አጥቦ የፋጡማን ቢጽፍበት የአሕመድ ድርሻ ጠፍቷል። ልጆቹ ጥቂት ካሰቡ በኋላ አንዱ «ሦስተኛ ሉሕ ያስፈልጋል!» ይላል። ይህ በዓለም ላይ ያለ ማንኛውም የፕሮግራሚንግ ጀማሪ የሚሠራው መልመጃ ነው። የኛ ልጅ ኮምፒዩተር ሳይነካ ፈታው።

የበግ ዘካ

አሁን «ከሆነ» እና «ካልሆነ» ወደሚባለው ትምህርት እንግባ። ብዙ ጊዜ መልመጃው የሚመጣው ከሌላ ሀገር ኑሮ ነው፤ ልጁ ታሪኩን ሳይረዳው ፕሮግራሙም ይጠፋበታል። በጨፋ ሜዳ ከብትና በግ ሲጠብቅ ያደገን ልጅ ስለ በግ ዘካ ጠይቁት። በግጦሽ የሚውሉና ዓመት የሞላቸው በጎች ዘካ በሸሪዓ እንዲህ ተደንግጓል፦ ከ40 በታች ዘካ የለም። ከ40 እስከ 120 አንድ። ከ121 እስከ 200 ሁለት። ከ201 ጀምሮ እስከ 399 ሦስት። ከ400 ጀምሮ በየመቶው አንድ።

ልጁ ይህን ፕሮግራም ሲጽፍ የሚሠራቸውን ስህተቶች እንያቸው፤ እያንዳንዱ ትምህርት አለውና።

የመጀመሪያው፦ «በጎቹ ከ40 የሚበልጡ ከሆነ አንድ በግ» ብሎ ይጽፋል። በንግግራችን «ከ40 በላይ» ስንል አርባውንም ጨምረን ሊሆን ይችላል፤ ሰው ይረዳናል። ኮምፒዩተር ግን 40 ከ40 አይበልጥም ይላል። ልክ አርባ በግ ያለው ባለሀብት «ዘካ የለብህም» ተብሎ ይሄዳል። «የሚበልጥ» እና «የሚበልጥ ወይም እኩል የሆነ» በሚሉት መካከል ባለች አንዲት ምልክት የሚስኪን ሐቅ ጠፋ!

ሁለተኛው፦ በመጀመሪያ «40 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ አንድ» ብሎ፣ ቀጥሎ «ያ ካልሆነ፣ 121 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ሁለት» ይላል። 300 በግ ያለው ሰው ሲመጣ የመጀመሪያው በር ላይ ይያዛል፤ 300 ከ40 ይበልጣልና። አንድ በግ ብቻ ይጠየቃል፤ ወደ ሁለተኛው በር አይደርስም። እያንዳንዱ መስመር ለብቻው ትክክል ነው፤ የተበላሸው ቅደም ተከተሉ ነው። ከትልቁ ጀምሮ ወደ ታች ቢወርድ ይስተካከል ነበር።

ሦስተኛው ጎበዙ ልጅ የሚሠራው ነው። «ከ200 ካለፈማ ለመቶ አካፍሎ ቀሪውን መተው ነው» ይላል። 400ን ሲሞክር 4፣ 399ን ሲሞክር 3 ያገኛልና ደስ ይለዋል። 250 በሉት። 2 ይላል፤ ሕጉ ግን ሦስት ነው። አቋራጭ ያገኘ ሰው መንገዱን ሁሉ መፈተሽ እንዳለበት ያኔ ይማራል።

ስለዚህ ልጆቹ ፕሮግራሙን ከመጻፋቸው በፊት የሚፈትኑበትን ቁጥርና ትክክለኛ መልሱን በወረቀት ያስቀምጡ፦ 39፣ 40፣ 120፣ 121፣ 200፣ 201፣ 250፣ 399፣ 400። ድንበሩ ላይ ያሉ ቁጥሮች ናቸው ስህተትን የሚያጋልጡት።

ከዚህ ከፍ ሲል ፈራኢድ

ተማሪዎቹ ሲጠነክሩ የውርስ ሂሳብን ስጧቸው። ሟች ሚስት፣ እናትና አንድ ወንድ ልጅ ትቶ ቢሞት፣ ልጅ ስላለ ሚስቱ አንድ ስምንተኛ፣ እናቱ አንድ ስድስተኛ፣ ልጁ ቀሪውን ይወስዳሉ። የተረፈው ሀብት 240,000 ብር ቢሆን ሚስት 30,000፣ እናት 40,000፣ ልጅ 170,000 ይደርሳቸዋል። ልጅ ባይኖር ኖሮ ግን የሚስት ድርሻ አንድ አራተኛ ይሆን ነበር። እነሆ «ከሆነ» እና «ካልሆነ»! ደግሞም የቀብር ወጪ፣ ዕዳና ኑዛዜ ከክፍፍሉ በፊት ይወጣሉ። ይህን ቅደም ተከተል የገለበጠ ፕሮግራም ባለዕዳውን ይበድላል።

በደንብ የሚፈትናቸው ግን ይህ ነው። አንዲት ሴት ባሏንና ሁለት የእናት የአባቷን ልጆች የሆኑ እህቶቿን ትታ ሞተች፤ ወላጅም ልጅም የላትም። ባል ግማሽ፣ እህቶች ሁለት ሦስተኛ። ሀብቱ 210,000 ብር ነው እንበል። ባል 105,000፣ እህቶች 140,000። ድምሩ 245,000 ሆነ! ፕሮግራሙ የሌለ 35,000 ብር አከፋፈለ። በዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ) ዘመን እንዲህ ያለ ጉዳይ ሲነሳ ሰሐቦችን አማክረው ጉድለቱ ለሁሉም በየድርሻቸው እንዲዳረስ ወሰኑ፤ ይህም «ዐውል» ይባላል። ስድስት የነበረው መሠረት ወደ ሰባት ከፍ ይልና ባል ሦስት ሰባተኛ፣ 90,000 ብር፣ እህቶች አራት ሰባተኛ፣ 120,000 ብር ይወስዳሉ።

ተማሪው ከዚህ ሁለት ነገር ይማራል። አንደኛ፣ ፕሮግራም ሁልጊዜ ራሱን የሚመረምርበት መስመር ያስፈልገዋል፤ የድርሻዎች ድምር ከሀብቱ ከበለጠ ይቁምና ይናገር። ሁለተኛ፣ የኮምፒዩተሩ መልስ ፈትዋ አይደለም። ዓሊሙ ያላስተማረውን ነገር ማሽኑ አያውቅም። ቤተሰብ ውርሱን ለመከፋፈል ወደ ዓሊምና ወደ ሸሪዓ ፍርድ ቤት ይሂድ፤ የልጁ ፕሮግራም መማሪያ ነው።

ስህተት ኃጢአት አይደለም

ጀማሪውን የሚያባርረው ሌላው ነገር ስህተትን መፍራት ነው። ፕሮግራሙ እምቢ ሲልና ቀይ ጽሑፍ ሲወጣበት ልጁ በሰው ፊት የተዋረደ ይመስለዋል። መምህሩም ተቆጥቶ እርሱ ራሱ ያርምለታል፤ ልጁ ምንም ሳይማር ይቀራል።

በቡኻሪና በሙስሊም የተዘገበውን የዚያን ሰላቱን በቅጡ ያልሰገደ ሰው ታሪክ አስታውሱ። ሰውዬው ሰግዶ መጥቶ ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ሰላም ሲል፣ ሰላምታውን መልሰው ሰላቱ እንዳልሆነችለት ነገሩትና ተመልሶ እንዲሰግድ አዘዙት። ሦስት ጊዜ ተመላለሰ። በመጨረሻ ከዚህ የተሻለ እንደማያውቅ ተናግሮ እንዲያስተምሩት ሲጠይቅ፣ ከተክቢራ ጀምረው እስከ ሱጁድ ድረስ እያንዳንዱን ደረጃ በየተራ አስተማሩት። አልሰደቡትም፤ አላዋረዱትም፤ እንዲሞክርም ዕድል ሰጡት፤ ልቡ ሲከፈትና ሲጠይቅ በደረጃ ነገሩት። ከዚህ የበለጠ የማስተማር ዘዴ ከየት ይመጣል? ልጁ ሲሳሳት የቁልፍ ሰሌዳውን አትንጠቁት። «የትኛው መስመር ላይ ነው ያሰብከው ነገር ያልሆነው? በጣትህ አሳየኝ» በሉት።

ቋንቋና የተውሶ ሉሕ

«እንግሊዝኛ ስለማልችል ፕሮግራሚንግ አልችልም» የሚሉ ብዙ ናቸው። እውነት ነው፤ የመማሪያው ጽሑፍ በብዛት በእንግሊዝኛ ነው፤ እንግሊዝኛን ማጥናትም ግድ ነው። ነገር ግን የፕሮግራም ቋንቋ ራሱ ጥቂት ቃላት ነው ያለው። ጊዶ ቫን ሮሰም እ.ኤ.አ. በ1991 ይፋ ያደረገው፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ለጀማሪዎች የሚመረጠው ፓይተን የተባለው ቋንቋ ዋና ዋናዎቹ የተያዙ ቃላቱ 35 ናቸው። የኛ ዞን ልጅ በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፋን ኦሮሞ በቁቤ ተምሯል፤ አማርኛውን በግዕዝ ፊደል ያነባል፤ ቁርአኑን በዐረብኛ ፊደል ያነባል። በሦስት ፊደል የሚያነብ ልጅ 35 ቃል ያቅተዋልን? ዘይድ ኢብን ሣቢት (ረ.ዐ) ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የአይሁዶችን ጽሕፈት እንዲማር ሲያዙት በግማሽ ወር ገደማ ተማረው። ይህ ወጣት ኋላ ቁርአንን የሰበሰበውና በፈራኢድ ዕውቀት የታወቀው ሰሐባ ነው። መምህራን ሆይ፣ ትዕዛዙ በእንግሊዝኛ ይጻፍ፤ ማብራሪያው ግን ልጁ በሚያስብበት ቋንቋ ይሁን፤ በአፋን ኦሮሞም ይሁን በአማርኛ።

ሌላው የዘመናችን ፈተና ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ቻትጂፒቲ ከመጣ ወዲህ ተማሪው ጥያቄውን አስገብቶ የተጻፈ ፕሮግራም ማውጣት ይችላል። ይህን አስረክቦ ውጤት የሚያገኝ ልጅ የጓደኛውን ሉሕ ተውሶ ሸሁ ፊት እንደቀረበ ደረሳ ነው። ሸሁ «አንብብ» ሲሉት ምን ይውጠዋል? መሣሪያው ሐራም ነው እያልኩ አይደለም፤ ለሚያውቅ ሰው ጥሩ ረዳት ነው። ግን ማሽኑም በጣም በሚያምር ጽሑፍ ሊሳሳት ይችላል፤ የ40ውንና የ121ዱን ስህተት የሚይዘው ማንበብ የሚችል ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ደንቡ አንድ ይሁን፦ ልጁ ያመጣውን ፕሮግራም ከየትም ያምጣው፣ መስመር በመስመር በጣቱ እየተከተለ ማስረዳት ካልቻለ የርሱ አይደለም። የራሱ ያልሆነን የራሱ አስመስሎ ማቅረብ ደግሞ ማታለል ነው።

ምን እናድርግ?

የመስጊድና የመድረሳ ኮሚቴዎች፣ ሀብት ያላችሁ ወንድሞች፣ አድምጡኝ። ይህ ትምህርት ሃምሳ አዲስ ኮምፒዩተር አይጠይቅም። ትምህርቱ ማንበብ ከሆነ ግማሹ በወረቀትና በእርሳስ ይካሄዳል፤ መብራት ቢጠፋም ክፍሉ አይበተንም። አራት ልጅ አንድ ኮምፒዩተር ይበቃዋል፤ አንዱ ይጻፍ፣ አንዱ ያንብብ፣ ሌሎቹ በወረቀት ይከተሉ፣ ከዚያ ይቀያየሩ። ያገለገለ ኮምፒዩተር በሰደቃ ይገዛል። ለትናንሾቹ ስክራች የሚባለው በሥዕል የሚሠራ ፕሮግራም አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቷል፤ ነጻ ነው፤ በአማርኛም በዐረብኛም ይከፈታል፤ አንዴ ከተጫነ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ለትልልቆቹ ፓይተንን ያለ ኢንተርኔት በስልክ ላይ መለማመድ ይቻላል። ከዐስር እስከ መግሪብ ያለው ሰዓት በሳምንት ሁለት ቀን ቢመደብ፣ በኮምቦልቻ የወሎ ዩኒቨርስቲ የቴክኖሎጂ ተቋም ወይም በሌላ ቦታ የሚማሩ ልጆቻችን ለዕረፍት ሲመጡ ቢያግዙ፣ ከፍ ያለው ዝቅ ያለውን ቢያስቀራ፣ ሥራው ይንቀሳቀሳል። ለሴት ልጆቻችንም የሚመች ሰዓትና ቦታ ይዘጋጅ፤ ዕውቀት መፈለግ በነርሱም ላይ ግዴታ ነውና።

አንድ ነገር ግን በእውነት እንነጋገር። «ስድስት ወር ተማርና ሀብታም ትሆናለህ» እያላችሁ ልጅ አትሰብስቡ፤ ውሸት ነው። ልጆቻችን በባቲና በሚሌ አድርገው ወደ ጅቡቲ፣ ከዚያም በጀልባ ወደ የመን ሲሄዱ አይተናል፤ ባሕርና በረሃ የበላቸውንም ቀብረን ሳይሆን አልቅሰን ብቻ ቀርተናል። እነዚያንም ያታለላቸው ባዶ ተስፋ የሚሸጥ ደላላ ነው። እኛም በኮምፒዩተር ስም ሌላ ደላላ እንዳንሆን። ፕሮግራሚንግ የሚማር ሁሉ ሥራ ያገኛል አንልም። ነገር ግን ነገርን ከፋፍሎ ማየት፣ ድንበሩን መፈተሽ፣ ስህተቱን ሳይደብቅ ፈልጎ ማረም፣ ያልገባውን ገባኝ አለማለት፤ እነዚህን የተማረ ልጅ በሱቅ ቢሠራ፣ በእርሻ ቢሠራ፣ በቢሮ ቢሠራ ይጠቀምባቸዋል። ደላላው የሚነግረውን ተስፋም መስመር በመስመር የሚያነብ ዓይን ይኖረዋል።

ማስተማር አማና ነው። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ከማይጠቅም ዕውቀት በአላህ ይጠበቁ ነበር። ጠቃሚው ዕውቀት እንኳ በተገለበጠ መንገድ ሲሰጥ ለልጁ የሚተርፈው «አልችልም» የሚል ቁስል ነው። ይህንን ቁስል በሕፃን ልብ ላይ አናኑር። አንብብ እንበለው፤ እንጠብቀው፤ ድርሻውን ሲያውቅ ሌላ ድርሻ እንጨምርለት።

አላህ (ሱ.ወ) የሚጠቅመንን ያሳውቀን፤ ባሳወቀንም ይጥቀመን። ልጆቻችንን በሀገራቸው ሠርተው የሚበሉ፣ ዲናቸውንና ወገናቸውን የሚያገለግሉ ያድርግልን። ለአካባቢያችንና ለሀገራችን ሰላሙን ያውርድልን። አሚን።

ወሰላሙ ዓለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።